ያልተንጠለጠልኩበት ገመድ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ አጥብቆ የፈለገብኝ ነገር አንድ የዝናብ ልብስ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ደን ጠብቄ ክሊራንስ ልጨርስ ብሄድ፣ የንብረት ክፍሏ ልጅ አንድ ያረጀ ወረቀት አውጥታ «ጋሽ ታደሰ፣ የተቀጠሩ ጊዜ አንድ የዝናብ ልብስ፣ አንድ የእጅ ባትሪና አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ተረክበዋል። የት አሉ?» አለችኝ። የዝናብ ልብሱ በመጀመሪያው ክረምት በእሾህ ተተልትሎ በለጠ ደን ውስጥ ቀርቷል። ባትሪው ሁለት ሳምንት አብርቶ ሞተ። ጫማውማ ገና ከመጀመሪያው አንድ ቁጥር ያንሰኝ ነበር። ይህን ሁሉ ስነግራት ሳቀች።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ለብሰው፣ ምን ይዘው ሠሩ?»

«ራሴ የሠራሁትን» አልኳት።

ቀልድ መሰላት። ፈረመችልኝና ወጣሁ፤ የሥራ ዘመኔም በዚያው አለቀ።

ጡረታ ለሌላው ሰው ዕረፍት ሊሆን ይችላል፤ እኔን ግን አሰረኝ። ጂማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ አንድ ወንበር ተመድቦልኛል። ከአሥር ደቂቃ በላይ ተቀምጬበት አላውቅም። ደህና የቆመውን አጥር እነቀንቃለሁ፤ የዶሮውን ቤት አፍርሼ እንደገና እሠራለሁ፤ ከዚያ ደጅ ወጥቼ መንገዱን እስከ ጫፍ ሄጄ ያለ ምንም ጉዳይ እመለሳለሁ። የባለቤቴን የዘነበችን የመጥረጊያ እጀታ ሦስት ጊዜ ቀይሬባት፣ አሁን መጥረጊያዋን ከእኔ መደበቅ ጀምራለች። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቦታ ተቀመጥ! አዞርከኝ እኮ!» ትላለች። እውነቷን ነው። ግን የማያስቀምጠኝ ነገር የሥራ ናፍቆት ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ለእሷም አልነገርኳትም፤ ለራሴም በደንብ አልነገርኩትም ነበር።

እንዲህ እየተቁነጠነጥኩ ሳለሁ የእግር ጉዞ ቡድን ያላቸው አምስት የጂማ ወጣቶች መጡ። ስልካቸው ላይ በባዶ እጁ ጫካ ገብቶ የሚኖር ፈረንጅ እያዩ ልባቸው ተነሣሥቷል።

«ጋሼ፣ ሰርቫይቫል ያስተምሩን» አሉኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«በቃ፣ ዕቃዎን ራስዎ እየሠሩ ጫካ ውስጥ መኖር።»

«እኛ ይኼንን ሥራ ነበር የምንለው» አልኳቸው፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ ማስተማር ጀመርኩ። የቢላዋ እጀታ መጥረብ፣ ገሳ መጎንጎን፣ እንጨት ከእንጨት አፋትጎ እሳት ማውጣት። መጨረሻ ላይ ገመድ መግመድ ደረስን። ለማሳያ አንድ ገመድ ሠርቼ አመጣሁላቸው። ከመሃከላቸው ሐያት የምትባል፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ነገር የማታልፍ ልጅ አለች። ገመዱን ተቀብላ ጎተተችው፣ አገላበጠችው።

«ጋሼ፣ ይኼ ሰው ይይዛል?»

«እንዴታ! ይይዛል።»

«እርስዎ ተንጠልጥለውበት ያውቃሉ?»

ልጅቷ በየዋህነት ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሣሁና በነጠላ ጫማዬ ከግቢ ወጣሁ። እግሬ ሲቆም አዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ነበርኩ። ይህንኑ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በፊት ሌላ ሰው ጠይቆኝ ነበር። ያኔ ውሃ ልጠጣ አላልኩም። ዐይኔን በጨው ታጥቤ መለስኩለት።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እኔ የጂማ፣ የበቾ ቦሬ ሰፈር ልጅ ነኝ። አባቴ ከሩቅ አገር መጥቶ በአንዲት የስፌት መኪና ቤት የሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። ከተማ ያደገ ሰው ዕቃ ከሱቅ እንደሚመጣ ነው የሚያውቀው። ደን ጠባቂ ሆኜ ስቀጠርና ሸቤ አጠገብ በለጠ ደን ስመደብ፣ የተረከብኩትን ዕቃ ይዤ ጫካውን የምችለው መስሎኝ ነበር። ጫካው በአንድ ክረምት በዕቃውም በእኔም ተጫወተ። በዓመቱ ወደ ጌራ ስዛወር ትከሻዬ ላይ የቀረኝ የዝናብ መከላከያ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር።

አባ ጊዲን ያገኘኋቸው ያንን ጆንያ እንደለበስኩ ነው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበሩ። ኑሯቸው ቀፎ መስቀል ነው። ጭራ ከተማ ዳር ቤት ነበራቸው። መሥሪያ ቤታችን ደኑን ከእጃቸው መዳፍ በላይ ስለሚያውቁት መንገድ መሪ አድርጎ ቀጠራቸው። በመጀመሪያው ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ይኼ ሁሉ የማነው?» አሉኝ፣ ጆንያውን፣ የተቀደደውን ጫማና የሞተውን ባትሪ እያመለከቱ።

«የመንግሥት ነው።»

«የአንተስ የቱ ነው?»

«የእኔ ምንም የለም።»

«ወላሂ አሳዘንከኝ። ታዲያ ሲቀደድ ማን ይሰፋዋል?»

በማግስቱ ማስተማር ጀመሩ፤ ማስተማር ከተባለ። ሰው ሲያስተምሩ ብዙ አይናገሩም። እሳቸው ይሠራሉ፣ አንተ ታያለህ፤ አንተ ትሠራለህ፣ እሳቸው ያፈርሱታል። የመጀመሪያውን የቢላዋ እጀታ አራት ጊዜ አስጠረቡኝ። ወይራ ነበር፤ ደረቅ ወይራ መጥረብ ደግሞ ክንድ ይበላል። እኔ በችኮላ ስከትፈው አጠገቤ ቁጢጥ ብለው «ሱታ» ይላሉ። በኦሮምኛ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ሱታ ያላሉኝ ቀን አልነበረም። ስበላ ሱታ፣ ስራመድ ሱታ፣ አንድ ጊዜማ ሳስል ሱታ ብለውኛል።

ልማዳቸው ብዙ ነበር። ከዛፍ ላይ ልጥ ከመላጣቸው በፊት ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ቢስሚላሂ ይላሉ። ከአንድ ዛፍ የሚወስዱት አንድ መዳፍ ስፋት ያለው አንድ ልጥ ብቻ ነው፤ ቁስሉን ጭቃ ይቀቡታል። የእሳት መለኮሻውን ደረቅ ገለባ በትንሽ ቅል አድርገው ብብታቸው ሥር ይይዛሉ። የሌላ ሰው ገጀራ አይዋሱም፤ የራሳቸውንም አያውሱም። ሲናደዱ አይጮሁም፤ በአፍንጫቸው አንድ የማላውቀውን መንዙማ ያንጎራጉራሉ። መንዙማውን ስሰማ የሠራሁትን ራሴው እፈታዋለሁ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከላይ እስከ ታች የለበስኩት የራሴ ሥራ ሆነ። ገሳዬን ጎነጎንኩ፤ ከሱቅ ከተገዛው የዝናብ ልብስ በስንት እጁ ይሻላል፣ ተቀምጠህም እንደ ጎጆ ይሆንልሃል። ከመኪና ጎማ በረባሶ ሰፋሁ። ከፍየል ቆዳ ከረጢት አለፋሁ፤ ከሽታው የተነሣ ዘነበች ሁለት ሳምንት ደጅ እንዳድር ዛተችብኝ። እሳቱ ግን አስለቀሰኝ። ሁለት እንጨት ማፋተግ ሲወራ ቀላል ነው፤ መዳፌ ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

ያ ልፋት አንድ ቀን ፍሬ አፈራ። የደን ድንበር ሊለካ የመጣ አንድ ቀያሽ በጉም ውስጥ ጠፍቶ ሁለት ቀን ፈለግነው። ስናገኘው ወድቆ በበሰበሰ ግንድ ሥር ተኮማትሮ ይንቀጠቀጣል፤ ምላሱ ተሳስሯል። የእሱም የእኛም ክብሪት ርሷል። አባ ጊዲ ቅላቸውን ከብብታቸው አውጥተው ሰጡኝና «የአንተን አውጣ» አሉኝ። እንጨቶቼን ከገሳዬ ሥር አውጥቼ ተንበረከኩ። ጭሱ ወጣ፣ ፍም ሆነ፣ ነደደ። ሰውየው እጁን እሳቱ ላይ ዘርግቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ክብሪት ከየት አገኛችሁ?» ሲል አባ ጊዲ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። የዚያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ደመወዝ ሲጨመርልኝም አላገኘሁትም። ኩራቱ ግን ከልክ አልፎ ራሴ ላይ ወጣ፤ ሱታ የሚለውን ቃል መስማት ያቆምኩት ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ፤ ብዙ ዞርኩት።

ቀፎ የሚሰቀለው ቀረሮ ላይ ነው። ቀረሮ ግንዱ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ እስከ ላይ ድረስ ቅርንጫፍ የሌለው ዛፍ ነው። ዛፍ ወጪው ገመዱን በግንዱና በወገቡ ዙሪያ አዙሮ ይቋጥራል። ወደ ኋላ ተለጥጦ ክብደቱን ገመዱ ላይ ይጥልና በእግሩ ግንዱን እየረገጠ፣ ገመዱን ከፍ ከፍ እያደረገ ወደ ላይ ይወጣል። ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ ገመዱ ሕግ አለው። ልጡ ከወልከፋ ዛፍ ክረምቱ ሲያበቃ ይላጣል፤ ጅረት ውስጥ ግማሽ ወር ይዘፈዘፋል፤ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል፤ ጭን ላይ እየተፈተለ ሦስት ፈትል አንድ ላይ ይገመዳል፤ ድንጋይ ታስሮበት ይለጠጣል። ከዚያ የመጨረሻው ሕግ ይመጣል። ገመዱን የገመደው ሰው ራሱ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ሰባት ጊዜ ወደ ኋላ ክብደቱን ይጥልበታል። ሠሪው ያልተንጠለጠለበት ገመድ ላይ ማንም አይወጣም። አባ ጊዲ ዐይናቸውን ጨፍነው ገመዱን በጣታቸው መሃል ያሳልፉና ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ የወለዷቸውንም ልጆች ሳይቀር።

«ተንጠልጥለህበታል?»

አዎ ካልክ ሌላ አይጠይቁም። ዓመት ሲሞላ ገመዱን በገጀራ ቆራርጠው ለአጥር ማሰሪያ ያደርጉታል፤ ሰው ዳግም እንዳይወጣበት ነው።

አሥር ዓመት አብረን ከሠራን በኋላ፣ ስልሳን በተጠጉበት ዓመት፣ አሮጌውን ገመዳቸውን ቆራረጡና «የዘንድሮውን አንተ ግመድልኝ» አሉኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፦ ለማንም ብለውት አያውቁም። ሆዴ ባባ። ልጡን ላጥኩ፣ ጅረት ውስጥ ዘፈዘፍኩ።

ልጡን ከጅረት ባወጣሁ ዕለት አዲሱ ኃላፊያችን አስጠራኝ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። ቀፎ ሲሰቀል፣ እኛው በገመድነው ገመድ፣ ማየት ይፈልጋሉ። «ታደሰ፣ ይደርሳል አይደል?» አለኝ። አራት ቀን ብቻ ነበር የቀረው። በጥላ ብቻ ለማድረቅ እንኳ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። «ይደርሳል» አልኩ። ማን ደፍሮ አይደርስም ይላል? ደፍሬ ማለት ነበረብኝ።

የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። የጎረቤቴ የቡና ማድረቂያ አልጋ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። እሸቱን ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጌ ልጤን አሰጣሁበት። አንድ ቀን ከግማሽ በቃው። ነጣ፣ ቀለለ፣ እጅ ላይ ሲይዙት እንዴት ያምር ነበር! እንዲያ ያማረው ከልክ በላይ ደርቆ ስለሄደ ነው፤ እኔም አውቄዋለሁ። ሁለት ቀን ጭኔ እስኪላጥ ገመድኩ። ሐሙስ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ነበረኝ። ሰባት ጊዜ ለመንጠልጠል ሩብ ሰዓት ይበቃል። ያንን ግማሽ ሰዓት ምን እንዳደረግኩበት ልንገራችሁ? ጫማዬን ወለወልኩበት። ለእንግዶቹ። መኪናው ጡሩምባውን ሲነፋ ገመዱን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ሮጥኩ።

ቀረሮው ሥር እንግዶቹ ካሜራ ይዘው ቆመዋል። አባ ጊዲ ገመዱን ተቀበሉኝ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ በጣታቸው አሳለፉት። መሃል ላይ ጣታቸው ትንሽ ቆም አለ። ዐይናቸውን ከፍተው አዩኝ።

«ታዴ፣ ተንጠልጥለህበታል?»

ኃላፊው ያየኛል፣ እንግዶቹ ያዩኛል። «አዎ» አልኩ።

ምላሴን በቆረጠው። ሌላ አልጠየቁም። ቢስሚላሂ ብለው ቋጠሩና ወጡ። ሁለት ሰው ቁመት ያህል ከፍ ብለው ገመዱን ከፍ ለማድረግ ወደ ኋላ ሲለጠጡ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሥሩ ላይ በዳሌያቸው ወደቁ። አልጮሁም። መንዙማውንም አላንጎራጎሩም።

በሁለት እንጨትና በገሳዬ ቃሬዛ ሠርተን እስከ መኪናው ተሸከምናቸው። ቃሬዛውን ስናስር እንደ ልማዳቸው «እዚያ ጋ አጥብቁት» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ያን ጊዜ ሕመሙ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቋጠሯቸውን መጠራጠር ጀምረው ኖሯል።

ስለ አደጋው ሪፖርት መጻፍ ነበረበት። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ እኔ ጻፍኩት፤ ኃላፊው ከአጠገቤ ቆሞ።

«የተበጠሰው የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

«ቋጠሮው ጋ ነው።»

«እንግዲያው የአቋጠር ስህተት በለዋ።»

ደረቅ ገመድ ቋጠሮው ጋ ነው የሚበጠሰው፤ የሚታጠፈው እዚያ ነዋ። ይህን የሚያውቅ እዚያ ቢሮ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። «ወጪው በሚገባ ባለመቋጠሩ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ሆስፒታል ይዤ የሄድኩትም፣ አልጋቸው ዳር ቆሜ ያነበብኩላቸውም እኔ ነኝ።

«ቋጠሮዬ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«የተበጠሰው ቋጠሮው ጋ ነው» አልኩ።

እጆቻቸውን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። «እጄ አርጅቷል ማለት ነው። አልሐምዱሊላሂ፣ ሌላ ሰው አልጎዳሁበትም» ብለው አውራ ጣታቸውን በቀለም አስነክረው ፈረሙ። እስከ ዛሬ በሕይወቴ የሠራሁት ክፉ ሥራ ያ ነው። ሌላም ጥፋት አለኝ፤ የሚስተካከለው ግን የለም።

ከዚያ ወዲያ እሳቸው በከዘራ የሚሄዱ ሰው ሆኑ። እኔ ወደ ሊሙ ዝውውር ጠየቅሁ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ ሞላሁ። የደን ዘራፊ ያዝኩ፣ ችግኝ አፈላሁ፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። በየዒዱ በቡና ነጋዴ እጅ ስኳርና ሳሙና እልክላቸዋለሁ፤ ሰላምታም ይልኩልኛል። አንድ ጊዜ አጋሮ ገበያ ያገኘሁት የጭራ ሰው «አባ ጊዲ እኮ ቀፎ መስቀል ለማንም አላስተምርም አሉ። እኔ የቋጠርኩት ሰው ይጥላል እያሉ» አለኝ። ሰምቼ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እንግዲህ በረንዳ ላይ የማያስቀምጠኝ ይህ ነው።

የሐያት ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። ለዘነበች ያን ሳምንት ነገርኳት። «ሰውየው በሕይወት አሉ አይደል? ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። ክረምቱ እስኪያበቃ ጠበቅሁ። አንድ መዳፍ ልጥ ላጥኩ፣ ቁስሉን ጭቃ ቀባሁ። ግማሽ ወር ዘፈዘፍኩ፣ በጥላ አደረቅሁ፣ በድንጋይ ለጠጥኩ። ግቢያችን ያለው አቮካዶ ላይ አስሬ በዚህ ዕድሜዬ ሰባት ጊዜ ወደ ኋላ ተወረወርኩበት። ዘነበች በመስኮት እያየች «ገመዱ ቢይዝ ወገብህ አይይዝም!» ትለኝ ነበር። በማግስቱ በሚኒባስ አጋሮ፣ ከአጋሮ ጭራ ገባሁ።

በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ከዲጃ ናት፤ ትልቅ ሴት ሆናለች። አባ ጊዲ ግቢው ውስጥ አቮካዶ ሥር ተቀምጠዋል። ሰማንያን ተጠግተዋል። ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ አባ ጊዲ» ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ማነው? ታዴ? ያ ረቢ! ኮቱ፣ ና፣ ተቀመጥ!»

ከዲጃ በርጩማ አመጣች። አልተቀመጥኩም፤ አልቻልኩም።

«ዛሬም እግርህ አያርፍም?» ብለው ሳቁ።

ገመዱን ጭናቸው ላይ አኖርኩት። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው ተጣሟል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉት።

«ጋሪ ነው፣ ጥሩ ነው። በጥላ ነው ያደረቅከው።» ዐይናቸውን ሳይከፍቱ ጠየቁኝ። «ተንጠልጥለህበታል?»

«ሰባት ጊዜ። አባ ጊዲ፣ ያን ጊዜ ግን አልተንጠለጠልኩም ነበር።»

«የቱን ጊዜ?»

ነገርኳቸው። የቡናውን አልጋ፣ የተወለወለውን ጫማ፣ አዎ ማለቴን። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩና ስጽፈውም ውሸት መሆኑን እንደማውቅ። አንዱንም አላስቀረሁም።  ለእርግማንም፣ ለከዘራም ተዘጋጅቻለሁ።

«ዱጋ?» አሉ። «እውነት?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ቋጠሮዬስ?»

«ቋጠሮዎ ደህና ነበር። የደረቀው ልጡ ነው።»

«ቋጠሮዬ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር፣ አባ ጊዲ።»

«ከዲጃ!» ብለው ጮሁ። ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። «ኮቱ! ይኼ ሰውዬ የሚለውን ስሚ! ንገራት። ድገምላት!»

ፊቷ ቆሜ ደገምኩት። እሷ እኔን ሳይሆን አባቷን ነው ስታይ የቆየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባቴን የልጄን አንቀልባ እንኳ ጀርባዬ ላይ ቋጥርልኝ ስለው በእኔ እጅ አይሆንም፣ ሌላ ሰው ጥሪ ይለኝ ነበር። ያንን ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ። ሐፍረት ያቃጥላል የሚሉት እውነት ነው፤ ጆሮዬ ድረስ አቃጠለኝ።

አባ ጊዲ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ልደግፋቸው እጄን ብዘረጋ ገፉኝ።

«እግሬን አላህ ወሰደው ብዬ ትቼዋለሁ» አሉ። «እጄን ግን አንተ ነህ የወሰድከው፣ ታዴ። ሃያ ዓመት!»

ገመዱን ይዘው አቮካዶው ግንድ ጋ ሄዱ፤ አዙረው ወደ እኔ ወገብ አመጡት። መቋጠር ጀመሩ። የመጀመሪያው ተፈታ። ሁለተኛውን ጣታቸው ሳተው። ከዲጃ ልትረዳቸው ስትል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሱታ» አሉ፤ ለራሳቸው ነበር። ሦስተኛውን ቋጠሩት። ዕንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል፤ እጃቸው ግን አላቆመም። ጎትተው አጠበቁትና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ራቁ።

«ተንጠልጠል።»

እግሬን ግንዱ ላይ ተክዬ ሙሉ ክብደቴን ወደ ኋላ ጣልኩ። ገመዱ አቃሰተ፤ ቋጠሮው ጠበቀ፤ ጸና። ጎንበስ ብለው ተጠግተው አዩት፤ ሁለት ጣታቸውን አኖሩበት።

«ያዘ» አሉ። እኔን አላዩኝም። «ያዘ እኮ። ድገም።»

ደገምኩ። ሰባቱን ስጨርስ ልላቀቅ ቀና አልኩ።

«ማን በቃህ አለህ?»

ይቅር አልኩህ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዲጃ በርጩማውን አምጥታ ግንዱ አጠገብ አኖረችላቸው። ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ቋጠሮው አዞሩ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ፣ ወገቤ እየጮኸ፣ የትም ሳልሄድ ክብደቴን ጣልኩ፣ ተነሣሁ፣ እንደገና ጣልኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ እሳቸው እስኪበቃቸው ድረስ ነበር።